ጀልባው ሳይጠየቅ ሞተር አይገዛም!

መቼም ይህን ርእስ ስታዩ «ሸዋሮቢት ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ጀልባ ምን አገባው?» ማለታችሁ አይቀርም። እውነታችሁን ነው። እኛ ቀወት ውስጥ ያለን ሮቢ ወንዝ ነው፤ እሱም በበጋ ልጆች በእግራቸው የሚሻገሩት፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ማንም የማይደፍረው። ጀልባ ፈልጋችሁ ብትመጡ ሽንኩርትና ማሾ ገዝታችሁ ትመለሳላችሁ እንጂ ሌላ አታገኙም።

ግን የእኔ እንጀራ ሞተር ነው። በይፋት ቆላ ማሳ የሚያጠጡ የውኃ ፓምፖችን ስፈታና ስገጥም ነው የኖርኩት። ሞተር ደግሞ ውኃ ቢስብም፣ ወፍጮ ቢያዞርም፣ ጀልባ ቢገፋም ያው ሞተር ነው። ገዢውም ያው ገዢ ነው፤ «ስንት ፈረስ ነው?» ብሎ ይጀምራል፣ እዚያው ላይ ይጨርሳል። ባለ 2 ኢንች ቱቦ ዘርግቶ ባለ 4 ኢንች ፓምፕ የገዛ ገበሬ አይቻለሁ። ቱቦው ጠባብ ነውና ውኃው በፈለገው መጠን አልወጣለትም፤ ነዳጁ ግን እንደ ጉድ ይሄዳል። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር!

ስለ ጀልባ እንዳወራ ያደረገኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። ለብዙ ዓመት በሰው ጀልባ ረዳት ሆኖ ከሠራ በኋላ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የራሱን የእንጨት ጀልባ ገዛ። የቀረው ሞተር ነው። የሞተሩን ገንዘብ የላከችው ታላቅ እህቱ ናት፤ አረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችው ነው። እጮኛም አለችው፤ ልብስ ሰፊ ናት። ሠርጋቸው የሚደገሰው ጀልባዋ ሠርታ በምታመጣው ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የሁለት ሴቶች ተስፋ በአንድ ሞተር ላይ ተንጠልጥሏል!

አንድ ቀን ማታ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ 40 ፈረስ አገኘሁ! ያገለገለ ነው፤ ግን ድምፁን ብትሰማው!» አለኝ።

«ጀልባህ ስንት ሜትር ነው?» አልኩት።

«ትልቅ ነው።»

«ክብደቱስ? ሆዱ ክብ ነው ጠፍጣፋ?»

«አንተ ደግሞ! ሞተር ነው የምገዛው አልኩህ እኮ!»

ውዝግባችን እዚህ ላይ ተጀመረ። እኔም ያኔ ያስረዳሁትን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ነገ ሐዋሳ ወይ ጣና ዳር ወይም ሌላ ቦታ ጀልባ መግዛት ያማራችሁ እንደሆነ ይጠቅማችኋል።

አራሹና ተንሸራታቹ

ጀልባዎች በሆዳቸው ቅርጽ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ውኃ የሚያርስ ነው። ሆዱ ክብ ወይም ጥልቅ፣ ሰውነቱ ከባድ ነው፤ ውኃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል እንጂ ላዩ ላይ አይወጣም። ሰውና ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ የእንጨት ጀልባዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ተንሸራታች ነው። ቀለል ያለ፣ ከኋላ በኩል ሆዱ ጠፍጣፋ ነው፤ በቂ ጉልበት ካገኘ ውኃው ላይ ተነስቶ ይንሸራተታል። ትንንሾቹን የፋይበርግላስ ፈጣን ጀልባዎች አስቡ።

አራሹ ጀልባ አንድ አመል አለው። ሲሄድ አፍንጫው ላይ ማዕበል ያነሳል። ፍጥነቱ ሲጨምር ማዕበሉ እየረዘመ ይሄድና ርዝመቱ ከጀልባው ርዝመት ጋር እኩል ይሆናል። ያን ጊዜ ጀልባው ራሱ ባነሳቸው ሁለት ጉብታዎች መካከል ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ልፍጠን ካለ የራሱን ማዕበል አቀበት መውጣት አለበት! ነዳጅ ስትጨምሩለት አፍንጫው ሽቅብ ይነሳል፣ ጀርባው ይሰምጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ ፍጥነቱ ግን እዚያው ነው።

ይህን ነገር ዊሊያም ፍሩድ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1872 ጀምሮ ቶርኪ በምትባል ከተማ በረጅም የውኃ ገንዳ ውስጥ ከሰም የተሠሩ ትንንሽ መርከቦችን እየጎተተ መርምሮታል። ከዚያ የወረስነው ስሌት ቀላል ነው። ውኃውን የሚነካውን የጀልባውን ርዝመት በሜትር ውሰዱ፤ ስኩዌር ሩቱን በ4.5 አባዙት። የምታገኙት የአራሹ ጀልባ ጣሪያ ፍጥነት ነው፣ በሰዓት በኪሎ ሜትር። 4 ሜትር ከሆነ 9፤ 9 ሜትር ከሆነ 13.5።

የዘመዴን ጀልባ ርዝመት ያገኘችው እጮኛው ናት። እሱ «ትልቅ ነው» ሲል እሷ የሙያዋን ሜትር ይዛ ወረደች። የልብስ ሰፊ ሜትር 1.5 ሜትር ነው፤ ስድስት ጊዜ ዘረጋችው። 9 ሜትር! «ሰው ሳይለካ ጨርቅ የሚቆርጥ የት አየህ?» አለችው አሉ።

ቁጥሩ ምን አለ?

ጀልባው፣ 12 ተሳፋሪ፣ ሞተሩና ነዳጁ ተደምረው ወደ 2 ቶን ይሆናሉ። አራሽ ጀልባ ለአንድ ቶን ከ3 እስከ 5 የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል፤ ስለዚህ ከ6 እስከ 10። ለነፋስና ለማዕበል መጠባበቂያ ስንጨምርበት 15 ጥሩ ነው። 40ው ምን ይጨምራል? ጩኸትና ጥቂት ኪሎ ሜትር!

የቤንዚኑን ነገር ተመልከቱት። በተለምዶው ስሌት፣ ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር እስከ መጨረሻው ሲነዳ ለ10 የፈረስ ጉልበት በሰዓት ወደ 4 ሊትር ይጠጣል። ባለ 15ቱ ወደ 6 ሊትር ሲሆን ባለ 40ው ወደ 15 ሊትር ነው። ልዩነቱ በሰዓት 9 ሊትር! ይህ ለሠርግ ሊቆጠብ የሚችል ገንዘብ አይደለም ትላላችሁ?

አንድ ሚስጥር ደግሞ ልጨምርላችሁ። የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ እኩል አያድግም። ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ወደ 8 እጥፍ ጉልበት ይጠየቃል፤ ጣሪያው አጠገብ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በተቃራኒው፣ ይህ ባለ 9 ሜትር ጀልባ ከ13.5 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ቢቀዘቅዝ የሚፈልገው ጉልበት ከግማሽ በታች ይወርዳል። የሚቸኩል እንግዳ ከሌለባችሁ ረጋ በሉ።

ጣርማ በር ላይ የሚያቃስተው ሞተር

ይህን ደግሞ እኛ የቀወት ሰዎች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከእኛ ተነስቶ በደብረ ሲና አድርጎ ጣሊያን የፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ድረስ የሚወጣ መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። አሮጌ የጭነት መኪና እዚያ ላይ ሲያቃስት ያልሰማ የሰሜን ሸዋ ልጅ የለም። ዳገቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አየሩ ሳስቷል። ሞተር እሳት የሚያነደው በአየር ነውና አየር ሲጎድለው ጉልበቱም ይጎድላል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ ወደ 3 በመቶ ያጣል።

ጣና ሐይቅ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሂሳቡ ወደ 18 በመቶ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ 15 የሚለው ሞተር ጣና ላይ 12 ገደማ ነው፤ 40 የሚለውም ወደ 33። ፋብሪካው አልዋሸም፤ ቁጥሩ የተለካው ለባሕር ወለል ነው። ስለዚህ ስሌታችሁን ስትጨርሱ ለከፍታው ጨምሩበት። ለዘመዴ ከ10 አልፌ 15 ያልኩት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ፕሮፔለሩ ይመጣል። ፕሮፔለር ልክ እንደ መኪና ማርሽ ነው። በአንድ ዙር ብዙ ርቀት ሊገፋ የተሠራው እንደ አራተኛ ማርሽ፣ ትንሽ የሚገፋው እንደ አንደኛ ማርሽ ናቸው። ከባድ ጀልባ ላይ የፈጣን ጀልባ ፕሮፔለር ማሰር ጣርማ በርን በአራተኛ ማርሽ እንደ መውጣት ነው። እንዴት ይታወቃል? ብዙ የጀልባ ሞተሮች ጭነት ይዘው እስከ መጨረሻ ሲነዱ በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር እንዲደርሱ ነው የተሠሩት፤ የእናንተን ልክ ከመመሪያው እዩ። ካልደረሰ፣ የሚገፋው ርቀት አነስ ያለ ፕሮፔለር ቀይሩለት፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይጨምራል። የጠፋው ጉልበት ተመልሶ አይመጣም፤ የተረፈው ግን በሥራ ላይ ይውላል።

ታዲያ የ40ው ጥፋት ምንድን ነው?

ምንም! የተሳሳተ ጀልባ ፊት ቀርቦ ነው እንጂ። 5 ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ የፋይበርግላስ ጀልባ ከነሰዎቹ 700 ኪሎ ይሆናል እንበል። ተንሸራታች ጀልባ ውኃው ላይ ደህና አድርጎ እንዲነሳ ለየ25 ኪሎው አንድ የፈረስ ጉልበት ቢኖረው ይመረጣል። ያ 28 ነው፤ የጣና ከፍታ ሲታሰብ 34 ይሆናል። እዚያ ላይ ባለ 40 ሞተር በቦታው ነው፤ ባለ 15ቱ ግን አፍንጫውን ሰማይ አስነስቶ፣ ጀርባውን እየጎተተ፣ ቤንዚን ይፈጃል። አያችሁ? አንዱ ጋ ብክነት የሆነው ሌላው ጋ ልክ ነው።

የጣና ታንኳስ? የደንገል ታንኳ ላይ ሞተር ለማሰር እንዳታስቡ። ደንገል ውኃ እየጠጣ በጥቂት ወራት ይከብዳል፤ ሞተር የሚታሰርበት ጠንካራ የኋላ ሳንቃም የለውም። ይህ ታንኳን መናቅ አይደለም። ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ ራ የተሰኙትን ጀልባዎቹን ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር፤ ሁለተኛዋ በፈረንጆች 1970 ከሞሮኮ ተነስታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገብታለች፣ በሸራና በነፋስ!

በእኔና በዘመዴ መካከል ነገሩን የለወጠው ግን ከቤንዚኑ ይልቅ የደኅንነቱ ጉዳይ ነው። ባለ 40 ሞተር ወደ 70 ኪሎ፣ ባለ 15ቱ ደግሞ ወደ 36 ኪሎ ይመዝናል። ያ ሁሉ ክብደት ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ጀልባው በሰው ተሞልቶ እየበረረ ሳለ ነዳጁን ድንገት ብትለቁት ከኋላ የሚከተለው ማዕበል በሳንቃው ላይ ዘሎ ይገባል። የጣና ነፋስ ደግሞ ከሰዓት በኋላ መነሳት ይወዳል። አሜሪካኖች በ1971 የጀልባ ደኅንነት ሕግ ካወጡ ወዲህ፣ ከ20 ጫማ በታች የሆነ ባለሞተር ጀልባ ስንት ሰውና እስከ ስንት ፈረስ እንደሚችል የሚናገር ሰሌዳ ይለጠፍበታል። የእኛ የእንጨት ጀልባ ሰሌዳ የለውም፤ ስለዚህ ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው።

እህቱ ይህን ሁሉ በስልክ ሰምታ የመለሰችው አጭር ነበር። «ወንድሜ፣ እኔ እዚህ የሰው ወለል የምወለውለው ለሥራ ነው። ለጩኸት ከሆነ አልልክም» አለችው።

15ቱን ገዛ። በተረፈው ገንዘብ 12 ላይፍ ጃኬት ገባ፤ ቀሪው ለእህትየው ተቀመጠ። ጓደኞቹ «ንብ ነው እንዴ የምትነዳው?» እያሉ ቀልደውበታል። አሁንም ቢሆን በልቡ 40ውን እንደሚያፈቅር አውቃለሁ፤ የልብን ነገር እኔ አልዳኝም።

ስለ ፍቅር ካነሳን አይቀር፣ ኦሌ ኤቪንሩድ በፈረንጆች 1909 ለገበያ ያቀረበው የጀልባ ሞተር 1.5 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። ሐሳቡ የመጣለት፣ እንደሚተረከው፣ ለሚወዳት ልጅ አይስክሬም ሊያመጣ ሐይቅ በመቅዘፊያ ሲሻገር አይስክሬሙ ቀልጦበት ነው። ለቀዛፊ ጀልባ 1.5 በቂ ነበር። ልጅቷንም አገባት!

ከመግዛታችሁ በፊት

አንደኛ፣ ውኃውን የሚነካውን ርዝመት ለኩ። ሁለተኛ፣ ሆዱን ከሥር እዩ፤ አራሽ ነው ተንሸራታች? ሦስተኛ፣ ከነሰውና ከነጭነቱ መዝኑ። አራተኛ፣ የሐይቃችሁን ከፍታ ቀንሱ። አምስተኛ፣ የኋላ ሳንቃውን ቁመት ለኩ፤ የሞተሩ እግር አጭሩ ለ38 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ ለ51 ሴንቲ ሜትር ገደማ የተሠራ ነውና። ስድስተኛ፣ ሙሉ ጭነት ጭናችሁ ሳትሞክሩ ገንዘቡን አትክፈሉ። ሻጩ «ጊዜ የለኝም» ካላችሁ፣ እናንተም ገንዘብ የለንም በሉት።

ሜትር ከሌላችሁ ሰፈራችሁ ካለች ልብስ ሰፊ ተዋሱ። ቸር ያሰማን!