የአባ ለሜትር ቁጥር ስንት ነው?

ዛሬ ከሰዓት የሦስተኛ ዓመት ልጆቼን የዩኒቨርስን መስፋት እያስተማርኩ፣ ገና የአባ ዦርዥ ለሜትርን ስም ከመጥራቴ አንዱ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ኤች-ኢንዴክሱ ስንት ነው?» አለኝ፤ ተመራማሪን በጽሑፎቹና በተጠቀሱበት ብዛት የሚለካውን ቁጥር ማለቱ ነው። ከልቡ ነው የጠየቀው፤ ስልኩንም አውጥቶ መፈለግ ጀምሯል። እኔ ደግሞ «አሁን ትምህርትህን ተከታተል» ብዬው አለፍኩ። ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ ያ መልሴ እየቆጠቆጠኝ ነው። ልጁ ይህን ከማን ተማረ? ከእኛው ነው። ቢሮ በረንዳ ላይ ቆመን ስናወራ ሲሰማን የሚውለው «ስንት ጥቅስ ደረሰልህ?» ስንባባል ነው።

ልመልስለት ይገባኝ የነበረውን እዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ለሜትር ቤልጂጋዊ የካቶሊክ ካህን ነው። በ1927 ከአንስታይን እኩልታዎች ተነስቶ ዩኒቨርስ እየሰፋ መሆኑን አሳየ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ፣ ጋላክሲዎች በራቁን ቁጥር የሚሸሹበት ፍጥነት እንደሚጨምር አወጣ፤ በእጁ በነበረው መረጃ አስልቶም ለአንድ ሜጋፓርሴክ በሰከንድ 625 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚል ቁጥር አስቀመጠ። ይህንኑ ዝምድና ያሳየው የአሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የሀብል ዝነኛ ጽሑፍ የወጣው በ1929 ነው። ለሜትር ግን ያሳተመው በፈረንሳይኛ፣ በብራስልስ የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ ነበር፤ ከአገሩ ውጭ ማን ያነበዋል? ካምብሪጅ ላስተማረው ለኤዲንግተን ልኮለት ኤዲንግተን እንኳ ዘነጋው። በዚያው በ1927 ብራስልስ ላይ ያገኘው አንስታይንም ስሌቱን ተቀብሎ ሐሳቡን ገፋው። ሂርሽ ኤች-ኢንዴክስን ያመጣው በ2005 ነው እንጂ፣ በ1929 አንድ ኮሚቴ ያንን ሥራ በጥቅስ ብዛት ቢመዝነው ኖሮ መሳቢያ ውስጥ ይጥለው ነበር።

ቁጥር ካነሳሁ አይቀር የአባቴን ነገር ሳልናገር አላልፍም። የውጭ መጽሔት ሲጠቅሰን የራሳችንን ስም አንዲት ፊደል አድርጎ የአባታችንን ሙሉውን እንደሚጽፍ ታውቃላችሁ። አባቴ ገበሬ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም። ባለፈው ፋሲካ አገር ቤት ሄጄ «አባዬ፣ የጃፓን ሰዎች ጽሑፋቸው ላይ ስምህን ጠሩ» ብለው፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብሰብ አድርጎ «ምን አለ ብለው?» አለኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። በስሙ መጠራት ደስታዬ ነው፤ በሬ ሽጦ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ይጠራ! ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አንዱ መጽሔት የአባቴን ስም በላቲን ፊደል እንዲህ ጻፈው፣ ሌላው እንዲያ፣ ሦስተኛው አያቴን ጨመረበት፤ የጥቅስ መዝገቡ ሦስት ሰው አደረገኝ። ለዕድገት ሳመለክት ኮሚቴው ያየው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው። ሁሉም እኔ መሆኔን ለማስረዳት ሁለት ዓመት ደጅ ጠናሁ። በዚያ ላይ በአማርኛ ያሳተምኩትን የሥነ ፈለክ ጽሑፍ «ይሄ አይቆጠርም» ብለው መለሱልኝ። ገጹን እንኳ አልገለጡትም። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ፎቶ ኮፒ እያደረጉ የሚያስተምሩበት ጽሑፍ እኮ ነው! ዛሬም ሳስታውሰው ያንገበግበኛል።

ወደ ለሜትር ልመለስ። በ1930 ለኤዲንግተን ደብዳቤ ጽፎ አስታወሰው፤ ኤዲንግተንም አሁን ለሌሎች አሳወቀለት፤ በ1931 ጽሑፉ ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ ታተመ። ያ 625 የሚለው ቁጥር የተሰላበት ክፍል ግን ከትርጉሙ ውስጥ የለም። ማን ቆረጠው? ኋላ ላይ ብዙ ታማ፤ ሀብልን የጠረጠሩም ነበሩ። በ2011 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ማሪዮ ሊቪዮ፣ ለሜትር ለመጽሔቱ አዘጋጅ የጻፈውን ደብዳቤ አገኘ። ተርጓሚውም ቆራጩም ራሱ ለሜትር ኖሯል! ያ የፍጥነቶች ክፍል ጊዜያዊ ነበር፣ አሁን ፋይዳ የለውም ብሎ በገዛ እጁ አወጣው።

እዚህ ላይ ከራሴ ጋር እጣላለሁ። እኔ ሦስት ቦታ የተበተነ ስሜን ለመሰብሰብ ሁለት ዓመት ስሟገት፣ ይህ ሰው ዓለም በስሙ ሊጠራው የሚችለውን ግኝት እንደ ትርፍ አንቀጽ ሰረዘ። ያስቀናኛል። ደግሞም «አባ፣ ምነው?» ብዬ ልጠይቀው ያምረኛል። ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ያ የርቀትና የፍጥነት ዝምድና «የሀብል-ለሜትር ሕግ» ተብሎ እንዲጠራ በ78 በመቶ ድምፅ የወሰነው በ2018 ነው፤ እሱ ካረፈ ከ52 ዓመት በኋላ። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን፣ በ1966፣ የጥንቱ ዩኒቨርስ ጨረር መገኘቱን ሰምቷል። ዩኒቨርስ መጀመሪያ ነበረው ሲል የኖረ ሰው ይህን ማስረጃ ሰምቶ ከሞተ፣ እኔ ስለ ጥቅሱ ብዛት ምን እላለሁ?

ነገ ጠዋት የ1927ቱን ጽሑፍ አትሜ ለልጁ እወስድለታለሁ። ይቅርታም እጠይቀዋለሁ። ፈረንሳይኛ ሁለታችንም አንችልም፤ እኩልታዎቹን ግን እናነባቸዋለን።