ለቅሶ የደረሰው ከተማ

ብሮንክስ፣ ኒው ዮርክ፣ ሐሙስ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባለ 6 ቁጥሩ ባቡር ከማንሃተን ወጥቶ ብሮንክስ ከገባ በኋላ ከመሬት ውስጥ ብቅ ይልና በብረት ድልድይ ላይ ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት ከተሳፋሪው ብዙው ፖሊስ ነበር። የክብር ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ነጭ ጓንታቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ደረታቸው ላይ ባለው የብረት ምልክት ጥቁር ጨርቅ በአግድም አስረውበታል። ባልደረባ በሥራ ላይ ሲሞት እንዲህ ያስራሉ። አጠገቤ የቆመው ወጣት ፖሊስ ጨርቁ እንዳይንሸራተት ደጋግሞ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል።

አብረውኝ ያሉት እትዬ የደሴ ዙሪያ ሰው ናቸው። ብሮንክስ ውስጥ ብዙ ዘመን ኖረዋል፤ ሥራቸው አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው መንከባከብ ነው፤ አብረዋቸው ከሚሠሩት ሴቶች ገሚሱ የባንግላዴሽ ልጆች ናቸው። እኔ እንግዳቸው ነኝ። ትናንት ማታ ቡና ላይ ሆነን፣ "ነገ ጎረቤት ይቀበራል፤ ጎረቤት ሞቶ ቤት አይዋልም" አሉኝ። ሟቹን አያውቁትም። ለእሳቸው ግን የሰፈሩ ሰው መሆኑ በቂ ነው።

ሟቹ ፖሊስ ዲዳሩል ኢስላም 36 ዓመቱ ነበር። ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ሻይ ቅጠል በሚበቅልበት በሲልሄት አካባቢ ተወልዶ ኒው ዮርክ የገባ ስደተኛ ነው። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት በትምህርት ቤት ጥበቃ ሠርቷል። የፖሊስ ልብስ ከለበሰ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ቢሆነው ነው። ምድቡ እዚሁ ብሮንክስ፣ 47ኛው ፖሊስ ጣቢያ ነበር። ሁለት ወንዶች ልጆች ትቷል፤ ባለቤቱ ሦስተኛውን አርግዛለች፤ ወሯም ገብቷል።

ሰኞ አመሻሽ ላይ ማንሃተን፣ ፓርክ አቬኑ 345 ቁጥር ባለው 44 ፎቅ ሕንፃ መግቢያ ላይ ቆሞ ነበር። መደበኛ ፈረቃው አልነበረም። የኒው ዮርክ ፖሊስ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በመምሪያው ፈቃድ፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ የግል ድርጅት ሊጠብቅ ይችላል፤ ክፍያው ከድርጅቱ ነው። ስደተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ሁለተኛ ሥራ ያውቀዋል። የቤት ዕዳ፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ፣ የሚወለድ ልጅ፤ ሁሉም ከዚያች ትርፍ ሰዓት ነው የሚወጣው። ከላስ ቬጋስ መኪና እየነዳ የመጣ ሰው ጠመንጃ ይዞ ገባ። ዲዳሩልን ገደለ፤ ሌሎች ሦስት ሰዎችን ገደለ፤ በመጨረሻም ራሱን አጠፋ።

ከባቡር ወርደን ስንሄድ መንገዱ ሁሉ ሰማያዊ ነው። የሰፈሩ መስጊድ ፓርክቼስተር ጃሜ መስጂድ በመኖሪያ ቤቶች መካከል የተሠራ ነው፤ ይህን ሕዝብ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ለቅሶው ወደ መንገዱ ፈሷል። ፖሊሶች ረድፍ ይዘው ቆመዋል፤ ከመካከላቸው ከሌላ ከተማና ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጡ አሉ፤ የትከሻቸው ምልክት ይለያያል። በእግረኛው መንገድ ላይ ነጭ ቆብ የደፉ ሽማግሌዎች፣ ረጅም ቀሚስ የለበሱ ወንዶች፣ ልጆቻቸውን በእጃቸው የያዙ እናቶች። የሱቅ ባለቤቶች በራቸው ላይ ወጥተው ቆመዋል። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሻለሁ፤ እትዬ ሂጃባቸውን አጥብቀዋል። አንዲት የባንግላዴሽ እናት ቦታ ለቀቀችልንና በመካከላቸው ቆምን። ማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ ያለን የለም።

ስለዚህች ከተማ የፖሊስ ቀብር አስቀድሜ ያነበብኩት ከዚህ የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሃርለም ውስጥ ጄሰን ሪቬራና ዊልበርት ሞራ የተባሉ ሁለት ወጣት ፖሊሶች ለቤተሰብ ጠብ ተጠርተው ሄደው ተገደሉ። አንዱ 22፣ ሌላው 27 ዓመቱ ነበር። ሁለቱም የተሸኙት አምስተኛው ጎዳና ላይ ባለው ትልቁ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ነው፤ ጎዳናው ከዳር እስከ ዳር በፖሊስ ተሞልቶ ነበር። የሞራ የሰውነት ክፍሎች ለአምስት ሕመምተኞች ተሰጥተዋል። የፖሊስ ቀብሩ ሥርዓት፣ ባግፓይፕ የሚባለው ባለከረጢት ዋሽንትና ከበሮው፣ አብዛኛው ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ይዘውት የገቡት ነው። በአንድ ወቅት እነሱም ባዕድ ነበሩ። የፖሊስ ሥራ ያዙ፤ ሞቱ፤ አገር ቤታቸው ይሸኙበት በነበረው ዜማ ተሸኙ፤ ቆይቶ ዜማው የከተማው ሆነ።

ዛሬ ደግሞ ከተማው መጥቶ መስጊድ በር ላይ ቆሟል። የክፍለ ግዛቷ ገዢ ካቲ ሆኩል ራሳቸውን በጥቁር ተከናንበው ገቡ። የወቅቱ ከንቲባ ኤሪክ አዳምስ መጡ። የፖሊስ ኮሚሽነሯ ጄሲካ ቲሽ መጡ። ገዢዋ በመከናነባቸው የሚነቅፏቸው እንዳሉ በኋላ ሰማሁ። እኔ በዚህ ነገር ምንም ጥርጥር የለኝም፤ ለቅሶ የሚደረሰው በሟቹ ቤት ወግ ነው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ የሙስሊም ጎረቤቱን ጀናዛ ይሸኛል፤ ሙስሊሙ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድረስ የክርስቲያን ወዳጁን አስከሬን ያጅባል። ማንም ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ሟቹን ነው ያከበረው። እትዬ ይህን የሚያውቁት ከልጅነታቸው ነው፤ ገዢዋ በክንብንባቸው ሲያልፉ አይተው "አበጀች" አሉ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ከውስጥ የሚደረገው ንግግር በድምፅ ማጉያ ወደ መንገዱ ይሰማል። የባለቤቱ መልእክት በሌላ ሰው አንደበት ተነበበ። ያን ጊዜ ያቺ ቦታ የለቀቀችልን እናት እጄን ያዘች። ኮሚሽነሯ ደግሞ ዲዳሩል የአንደኛ ደረጃ መርማሪነት ማዕረግ እንደተሰጠው አስታወቁ። በሕይወት ያለ ፖሊስ ብዙ ዓመት ለፍቶ የሚያገኘው፣ ብዙዎችም ጡረታ እስኪወጡ የማያገኙት ማዕረግ ነው። ለሙት የሚሰጥ ሹመት ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ለልጆቹ ነው ያሰብኩት። አባታቸው ምን ነበር ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት፣ በመዝገብ የተጻፈ ነገር አላቸው።

በጀናዛ ሶላት መደፋት የለም፤ ቆመው ነው የሚሰግዱት፣ አራት ተክቢራ ነው። ሙስሊም የሆኑ ፖሊሶች ከሰፈሩ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲቆሙ አየሁ፤ ሙስሊም ያልሆኑት ከኋላቸው ባሉበት ጸንተው ቆሙ። ሙስሊሞቹን ፖሊሶች ከሰፈሩ ሰው ከደንብ ልብሱ በቀር የሚለያቸው አልነበረም። ይህ የፖሊስ መምሪያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከተማው ላይ ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ ባሉት ዓመታት የሙስሊሞችን መስጊድና ማኅበር በስውር ሲከታተል የነበረ ነው፤ ያ ክትትል ፍርድ ቤት ደርሶ ከተማው በስምምነት የጨረሰው ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን መስጊድ በር ላይ የፖሊስ ጥላ ማየት ያስፈራ ነበር። ዛሬ ያው መምሪያ በባንዲራው የሸፈነውን የራሱን ሰው ሊወስድ መጥቷል። ያለፈውን አይሽረውም። ግን በዚህ መንገድ ላይ ያሉ ልጆች ያዩት ይህን ነው፤ ሊያስታውሱት የሚገባም ነው።

አስከሬኑ ሲወጣ ዝናቡ ወረደ። የሐምሌ ዶፍ ነው፤ አዲስ አበባ የማውቀው ዓይነት። አረንጓዴና ነጭ መስመር ያለበት የኒው ዮርክ ፖሊስ ባንዲራ ሳጥኑ ላይ ተለጠፈ። በረድፍ የቆሙት ፖሊሶች እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አንስተው ሰላምታ እንደሰጡ ቀሩ። ጃንጥላ የዘረጋ አላየሁም። ውኃ ከቆባቸው ጫፍ በአፍንጫቸው ላይ እየወረደ፣ ነጭ ጓንታቸው እየረሰረሰ፣ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ አንድም ክንድ አልወረደም። እትዬ በለሆሳስ ዱዓ ያደርጋሉ። እኔ አለቀስኩ። በማላውቀው ሰው ማልቀስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው የራሱንም ሙታን ያለቅሳል።

እዚህ ላይ ሳልጽፈው ማለፍ የማልችለው አለ። ዲዳሩል በተገደለበት በዚያው ሕንፃ መግቢያ ላይ ከተገደሉት አንዱ ያለ መሣሪያ በር ይጠብቅ የነበረ የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ እሱም ስደተኛ፣ ከሄይቲ። በዋሽንግተን፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዱባይ ስንት የእኛ ሰው በዚያች ወንበር ላይ ሌሊቱን ያነጋል! ለፖሊሱ የተደረገው ክብር አልበዛበትም፤ ያንሳል እንጂ። የምለው ለዘበኛውም የሚቆም ሰልፍ ይኑር ነው። ሁለቱም በአንድ በር ላይ፣ ለሌሎች ሰዎች ደኅንነት ቆመው ነው የሞቱት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

ዛሬ ብቻዬን ወደ 47ኛው ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ላኮኒያ አቬኑ ላይ ያለ ተራ ሕንፃ ነው። በመግቢያው ላይ ሐምራዊና ጥቁር ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ጣቢያው ሰው ሲሞትበት የሚያደርገው ነው። ሥሩ አበባ፣ ሻማ፣ የልጆች ሥዕል ተቀምጧል። አንዱ ሥዕል ላይ ፖሊሱ ከሕንፃው ይበልጣል።

በር ላይ የነበረው አዛውንት ፖሊስ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ አመሰገነኝ። በአሜሪካ ብዙ ቦታ ስላለው የመጨረሻ ጥሪ የሚባል ልማድ አጫወተኝ። በሬዲዮ መገናኛ የሟቹ መለያ ቁጥር ይጠራል፤ መልስ የለም። እንደገና ይጠራል፤ መልስ የለም። ከዚያ የሬዲዮ ኦፕሬተሩ ተረኛው ሥራውን መፈጸሙን፣ ፈረቃው ማብቃቱን ያውጃል፤ በየመኪናው ውስጥ ያለ ሁሉ ይሰማዋል። እሱ በሥራ ዘመኑ ይህን የሰማው ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። "ሁለተኛው ጥሪ ነው የሚከብደው" አለኝ።

የእኛን አልቃሽ አሰብኩ። እሷም ሟቹን በስሙ እየጠራች ትጠይቀዋለች፤ ለምን ዝም አልክ፣ ለምን አትመልስም ትለዋለች። የድሮ ባላባት ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ ጋሻውና ጦሩ ለለቅሶው ይወጣ ነበር፤ ሰው የሚያውቀው ዕቃ ባለቤቱ ሳይኖር ሲታይ ሐዘኑ ይወጣል። እዚህ ያ ዕቃ የሬዲዮ ቁጥር ነው። ለቅሶ አዋቂ ሕዝብ ሁሉ ጥሪውን ያገኘዋል፤ በሙሾም ይሁን በሽቦ አልባ።

ፖሊሱን ስለ ቤተሰቡ ጠየቅሁት። ለሟች ቤተሰብ የሚመደብ ባልደረባ እንዳለ ነገረኝ፤ ወረቀቱን ያስጨርሳል፣ ስልክ ያነሣል፣ ቢሮ ያደርሳል። ደስ አለኝ። ግን ሰልፈኛው ወደየጣቢያው ይመለሳል፤ ሹማምንቱ ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋሉ፤ የቀረው በፓርክቼስተር ጎረቤቶች ላይ ነው። በእኛ እድር ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበር የሚያመጣው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ከሰልስት በኋላም አልፎ አልፎ በሩን የሚያንኳኳው ሰው ያለው ለዚህ ነው። ትናንት መንገዱ ላይ የቆሙትን እናቶች ሳስብ፣ ያንን የሚያውቁ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ

የዲዳሩል ባለቤት እሱ ከተገደለ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ዜናውን እንዳየሁ ለእትዬ ደወልኩላቸው። እሳቸው ቀድመው ሰምተዋል፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው ነግረዋቸዋል።

"አልሀምዱሊላህ፣ በሰላም ተገላግላለች" አሉኝ። ከዚያ ስለ ትልልቆቹ ልጆች አነሡ። የኒው ዮርክ ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ የቀራቸው ጥቂት ጊዜ ነው።

"አራስ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ማን ያደርሳቸዋል፣ ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ።