አጃቢ ያልሆነ ባንድ

የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» ዶዮገና የደረሰው በፍላሽ ነው። ጓደኛዬ ሆሳዕና ከአንድ ሙዚቃ ቤት አስጭኖ አመጣው፤ ሁለቱ ዘፈኖች መሐል ላይ ተቆርጠው ነበር። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው የወጣው፣ እኛ ጋ ግን ዘግይቶ ነው የገባው። ያም ሆኖ አዲስ ነበር። የእኛው ቅኝት፣ የእኛው ቋንቋ፣ ከሥሩ ግን የሚጮህ ጊታር።

እኔን የያዘኝ ግን ጩኸቱ አልነበረም። «የማነው?» ስለው ጓደኛዬ የሰው ስም አልጠራም። «የጃኖ» አለኝ።

በእኛ አገር የካሴት ሽፋን ላይ የሚታየው የዘፋኙ ፊት ነው፤ የባንዱን ስም በደቃቅ ፊደል ፈልጋችሁ ነው የምታገኙት። ሮሃ ባንድ ስንቱን ድምፃዊ አጅቧል! ዘፋኞቹን ሁላችንም እናውቃለን፣ ከኋላ የቆሙትን ግን ስንቶቻችን በስም እንጠራለን? ዋልያስ ባንድ በ1977 «ጨ በለው»ን በራሱ ስም አውጥቷል፣ እውነት ነው። ግን መንገዱ የዘፋኝ መንገድ ሆኖ ቀረ። ጃኖዎች አራት ድምፃውያን ይዘው መጡ፦ ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሔዋን ገብረወልድ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅ። ስማቸውን የወሰዱት ሰፊ ቀይ ጥለት ካለው ሸማ ነው። ፕሮዲውሰራቸው የጂጂን የ2001 አልበም የሠራው ቢል ላስዌል ነበር። እሱን የሚያህል ሰው ይዘውም ቢሆን፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የሁሉም ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስገባና ዋይፋይ ሳገኝ ደግሞ ባውሃውስን ሰማሁ። ጎቲክ ሮክን ጀመሩት የሚባሉት እነሱ ናቸው። የመጡት ከለንደን አይደለም፤ በጫማ ሥራ ከምትታወቅ ኖርዝሃምፕተን ከምትባል ከተማ ነው። በጥር 1979፣ አብረው መጫወት ከጀመሩ ገና ሳምንታት ሲሆናቸው፣ ስለ ድራኩላው ተዋናይ ስለ ቤላ ሉጎሲ ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ የሚረዝም ዘፈን ቀዱ። ድምፃዊው ፒተር መርፊ እስኪገባ ሦስት ደቂቃ ያህል ትጠብቃላችሁ። እስከዚያ ቤዙ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ጊታሩ ግድግዳ ይቧጥጣል። እኔን ማታ ጉም ውስጥ፣ በእንሰቱ መሐል አቋርጬ ለቅሶ ቤት ስሄድ ከሩቅ የምሰማውን ነው ያስታወሰኝ። በ1983 ተበተኑ። አራት ዓመት! ጥቁር ለብሶ ጊታር የያዘ ሁሉ ግን እስከ ዛሬ ከእነሱ ይቆጠራል።

ጃኖ ጎቲክ አይደለም፤ ፀሐይ ያለበት ሮክ ነው። ግን ሁለተኛ አልበማቸው «ለራስህ ነው» እስኪመጣ ስድስት ዓመት ያህል ጠበቅን፣ በመሐሉም ከኋላቸው የባንድ ሰልፍ አልተፈጠረም። ሰዉ ሮክ አይወድም የሚሉ አሉ። አልቀበለውም። ዘፋኝ ብቻውን ሻንጣውን ይዞ ይዞራል፤ ባንድ ግን ሰዎቹ አንድ ከተማ ውስጥ መቆየት አለባቸው።

እኛ አራት ነበርን። ከኳየር የተዋስነውን አምፕሊፋየር ይዘን፣ ማታ ማታ መብራት ሲኖር እንለማመድ ነበር። አንድ ሽማግሌ በበሩ ብቅ ብለው ዲስቶርሽኑን አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ታሟል እንዴ?» አሉኝ። (እስካሁን ከዚህ የተሻለ የሮክ ሒስ አላነበብኩም።) እሳቸው አላስቆሙንም። ያስቆመን ደቡብ አፍሪካ ነው። በከምባታና በሃዲያ ከተሞች ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም፦ መጀመሪያ ከበሮ መቺያችን ሄደ፣ በዓመቱ ቤዝ ተጫዋቹ። ለአንዱ መንገድ ወንድሙ ከዚያ ገንዘብ ልኮ ነበር፤ ለሌላው በሬ ተሸጧል። አራተኛው ትዳር ያዘና ጊታሩን ለእኔ ተወው።

ከበሮ መቺው አሁን ጆሃንስበርግ፣ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ደንበኛ ሲጠፋ ባንኮኒውን በጣቱ እየመታ በቴሌግራም ድምፅ ይልክልኛል፤ አንዳንዴ መሐል ላይ ሰው ሳሙና ሲጠይቀው ይሰማል። እኔ ከሥሩ ጊታር እጨምራለሁ። ባለፈው አንዱን ጨረስን፣ ስድስት ደቂቃ ከምናምን ነው፤ ሳሙናውንም አላወጣሁትም። ሽፋኑ ላይ ማን ይጻፍ በሚለው ግን አልተስማማንም። እሱ «ያንተን ስም ጻፍበት፣ እኔ እኮ የለሁም» ይላል። እምቢ ብያለሁ።