ሀዳር ላይ የሰማነው ትዝታ

ሀይፋ ዘመድ ልትጠይቁ ስትመጡ ሀዳር ሃካርሜልን ሳታልፉ አትቀሩም። ከታች ወደቡ፣ ከላይ ካርሜል፣ ሀዳር ከተራራው ወገብ ላይ ተቀምጧል። የታልፒዮት ገበያ እዚያ ነው፤ በ1912 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የድሮው ቴክኒዮን ሕንፃም እዚያው አለ፣ ዛሬ የሳይንስ ሙዚየም ሆኗል። ጉልበት የሚያማችሁ ግን ደረጃውን ተዉት፤ በ1959 የተከፈተው ካርሜሊት አለላችሁ። ጣቢያው ስድስት ብቻ ነው፤ ማሳዳ ላይ ውረዱ።

እኔና አባቴ ባለፈው ሐኑካ ሰሞን የወረድነው እዚያ ነው። ልጄ ቫዮሊን ትጫወታለች፤ «አያቴን ይዘህልኝ ና» ብላ ለመነችኝ። አባቴ ቄስ ናቸው። ጎንደር ሳለን ማሲንቆ ልማር ብል «የቄስ ልጅ አዝማሪ ሊሆን?» ብለው ተቆጡ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። ለእሳቸው ዜማ ማለት ጸሎት ነው፤ መሣሪያም ቢሉ ነጋሪትና ቃጭል። የልጅቱን ቫዮሊን አንድ ቀን ሰምተውላት አያውቁም። እሷ አማርኛ አትችልም፣ እሳቸው ዕብራይስጥ አልገባላቸውም፤ አስተርጓሚው እኔ ነኝ። አስተርጓሚ ደግሞ ይደክመዋል።

ቦታው ጠባብ ቡና ቤት ነው (ቡናውስ ውሃ ነው፣ ይቅር)። ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ መድረክ የለም። ከአሜሪካ የመጣ አንድ ሽማግሌ ባንጆ ይዟል፣ ከሩሲያ የመጣች ሴት ዋሽንት፣ አንድ ወጣት ደግሞ ቦውራን የሚሉትን ባለ አንድ ፊት የፍየል ቆዳ ከበሮ። አንዱ ይጀምራል፣ ዜማውን የሚያውቅ ይከተላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙትና ሳያቋርጡ ወደ ሌላ ይሻገራሉ። የማያውቅ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ነውር የለውም።

የስደተኛ ሙዚቃ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የወጡ ሰዎች ቫዮሊናቸውን ይዘው አፓላቺያ ወደሚባለው የአሜሪካ ተራራ ገቡ። ባንጆ ግን በባርነት ከተወሰዱ አፍሪካውያን የተገኘ ነው፤ ይህን ስነግራቸው አባቴ ባንጆውን ልብ ብለው አዩት። እዚህ አገርም ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች የመጡ ኦሊም በ1978 «ጄኮብስ ላደር» የሚባል ፌስቲቫል ጀምረው፣ ብዙ ዓመት ኪነሬት ዳር ጊኖሳር ላይ ሲሰበሰቡ ኖረዋል።

ልጄ ብቻዋን አንድ ዝግ ያለ የስኮትላንድ ዜማ ጀመረች። አባቴ አገጫቸውን ከምርኩዛቸው ላይ አነሱ።

«ይቺ ትዝታ ናት።»

«ኧረ የፈረንጅ ነው፣ አባባ።»

«ጆሮዬ አልደነቆረም!»

እቤት ገብቼ ስመረምረው እውነታቸውን ነው። ብዙ የስኮትላንድና የአየርላንድ ዜማ በአምስት ድምፅ ብቻ ይሄዳል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የትዝታ ሜጀር ቅኝትም እነዚሁ አምስቱ ናቸው። አምባሰልና አንቺሆዬ ሌላ መንገድ አላቸው። ቄሱ ትዝታን ከወዴት እንዳወቋት ግን አልጠየቅኋቸውም።

ዜማው ሳያልቅ አባቴ ማንጎራጎር ያዙ። ቃል የለውም፤ በአፍንጫ ብቻ። እንዲህ ሲሆኑ ሰርግ ላይ እንኳ አይቻቸው አላውቅም። ልጄ ቀስ አለችላቸው፣ ባንጆውም ተከተላት፣ ከበሮው ዘግይቶ ገባ። እኔን «ምን አሉ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ስንመለስ ካርሜሊት ውስጥ ብዙ ቆይተው፣ «ያ ባለ ከበሮ ልጅ ይቸኩላል» አሉኝ። «የሚመጣው ሐሙስ ንገረው።»