ስልኩ በእጃችን፣ ቡናው በጓሯችን

ጫካው የእኛ። ቡናው የእኛ። ስልኩም የእኛ። ታዲያ ዕድሉ እንዴት አመለጠን?

በገበያ ቀን በካፋ፣ ጨና ወረዳ፣ ዋጫ ከተማ ቆሞ ያስተዋለ ያውቀዋል። ስልክ ያልያዘ ወጣት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። በዚያ ስልክ ውስጥ ካሜራ አለ፣ ካርታ አለ፣ ከሳተላይት ምልክት የሚቀበል ጂፒኤስ አለ። ይህን ሁሉ በኪሳችን ይዘን ዓመታት ኖርን። ምን ሠራንበት? ቲክቶክ አየንበት። የእንግሊዝን ኳስ ተከታተልንበት። ሌሊቱን በቴሌግራም አነጋንበት። የአባታችን ቡና ከቤታችን ጀርባ ነው፤ ገብተን፣ መሃሉ ላይ ቆመን፣ ያለበትን ቦታ ግን አልመዘገብንም።

ምን ይጠቅማል ብለን ነበር። ጥቅሙ ዛሬ ታወቀ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ከተመነጠረ ደን የመጣ ቡና ደንቡ ሥራ ሲጀምር አውሮፓ አይገባም። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ በኬክሮስና በኬንትሮስ ማሳየት ግዴታው ይሆናል። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው ይለካል። ከዚያ ካነሰ አንዲት ነጥብ ትበቃለች። ለውጭ ገበያ ከምናቀርበው ቡና ሲሶ ገደማውን የሚገዛን ደግሞ ይኸው አውሮፓ ነው።

በካፋ ከ4 ሄክታር በላይ ቡና ያለው ስንት አርሶ አደር ነው? ጥቂት ነው። እንግዲህ ከአብዛኛው አባወራ የተፈለገው አንዲት ነጥብ ናት። አንዲት ነጥብ! ለዚህች ነጥብ ነው ስብሰባ የተቀመጥነው። ለዚህች ነጥብ ነው ፕሮጀክት የጠበቅነው፣ አበል የጠየቅነው፣ ከሩቅ ባለሙያ እስኪላክልን መንገድ መንገዱን ያየነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ኦዲኬ ኮሌክት የሚባል አፕ አለ። ኮቦ ኮሌክትም አለ። ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። የሚጠየቁትን ጥያቄዎች አስቀድመህ ታዘጋጃለህ፤ የባለ ማሳው ስም፣ ቀበሌው፣ የማኅበሩ ስም፣ ቡናው የጫካ ይሁን የጓሮ። ስልኩን ይዘህ ማሳው መሃል ትገባለህ። ቦታ መዝግብ የሚለውን ትነካለህ። መጀመሪያ ስልኩ ስህተቱ ሃያ ሠላሳ ሜትር ሊሆን እንደሚችል ይነግርሃል። ትንሽ ትታገሣለህ። ቁጥሩ እየወረደ ይመጣል፤ አሥር፣ ሰባት፣ አምስት። የጥላ ዛፉ ቅጠል ከከበደ ሰማይ ወደሚታይበት ክፍት ቦታ ፈንጠር ትላለህ። ከዚያ ታስቀምጣለህ። ስንት ዲግሪ ከእነ ክፍልፋዩ ሰሜን፣ ስንት ዲግሪ ከእነ ክፍልፋዩ ምሥራቅ እንደሆነ ይጽፍልሃል። ደንቡ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ይፈልጋል፤ ስድስቱንም ስልኩ ራሱ ይጽፋቸዋል። ስድስተኛዋ አሃዝ መሬት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ይኸው ነው። ከዚህ የረቀቀ ነገር የለውም።

ኔትወርክ የለም እንላለን። እውነት ነው፣ ይጠፋል። መብራትም ይጠፋል። ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ መንገዱም አብሮ ይጠፋል። ግን የሳተላይቱ ምልክት ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው? ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አፑ የመዘገበውን ስልኩ ላይ ያቆያል፤ ኔትወርክ ያለበት ከተማ ስትደርስ ትልከዋለህ። ይህን የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም? ነበረ። ሞልቶ ነበር! በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀው ስንት ነው? በአይቲ የተመረቀው ስንት ነው? የመመረቂያ ፕሮጀክታችን ምን ነበር? የሆቴል አልጋ ማስያዣ። የተማሪ መመዝገቢያ። የላይብረሪ ሲስተም። ያለፈው ዓመት ተመራቂ የሠራውን ርዕሱን ቀይረን አስረከብን። አምስት ስድስት ሆነን አንድ ወረቀት ላይ ፈረምን። የእናታችን ቡና የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደተለቀመ፣ መቼ እንደደረቀ የሚመዘግብ ሥርዓት ለመሥራት ያሰበ ከመካከላችን ስንት ነበር? አማካሪ ቢያጣ እንኳ አያት አልነበረውም? ከአያት በላይ ስለ ቡና የሚያውቅ አማካሪ ከየት ይመጣል?

ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለው ሌላ ነው። ይህ ደንብ ለሌላው አገር ሥጋት ነው፤ ደን መንጥሮ ቡናና ካካዎ ለተከለ። ለእኛ ግን ሠርጋችን ሊሆን ይገባው ነበር! ቡናችን የሚበቅለው በደን ጥላ ሥር ነው። የካፋ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። አባቶቻችን ዛፉን ሳይቆርጡ ቡናውን ለቀሙ፤ ማሩን ከዛፉ አወረዱ፤ ደኑን ለእኛ አቆዩ። ዓለም «ደን ያልጨረሰ ማን ነው?» ብሎ በጠየቀ ዕለት እጃችንን ቀድመን ማውጣት የነበረብን እኛ ነበርን። ከዋጫ፣ ከቦንጋ፣ ከዴቻ፣ ከጌሻ! አላወጣንም። ለምን? ማስረጃ ሲጠየቅ በአፍ ብቻ «የቡና መገኛ ነን» አልን። በግድግዳ ላይ ጻፍነው፣ በካናቴራ ላይ አተምነው፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙም በቦንጋ ቆመ። ገዢው የጠየቀው ግን ቁጥር ነው።

ማስረጃውስ ጠፍቶ ነበር? ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሎ ነበር! ሴንቲኔል ሁለት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ይህን ጫካ በየአምስት ቀኑ ያነሡታል። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምረው ምድርን ሲያነሡ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ደግሞ ሥዕሉ ለማንም በነፃ ተለቅቋል። የፈለገ ያወርደዋል። የ2013 ዓ.ም.ን ደን ከዛሬው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ «ይኸው፣ አልተነካም» ማለት ይችላል። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌርም ነፃ ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ ማንም እየገባ መንደሩን፣ መንገዱን፣ ወንዙን የሚጽፍበት የዓለም ካርታ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ክፍት ነው። ክፍት! ጠባቂ የለውም፣ መታወቂያ አይጠይቅም፣ ደጅ አያስጠናም። ስንቶቻችን ገብተን የተወለድንበትን ቀበሌ ጻፍን?

ሰበብም ነበረን። ቡናው በምርት ገበያ ሲያልፍ ከሌላው ጋር ይቀላቀል ስለነበር የማን እንደሆነ አይታወቅም እንል ነበር። ልክ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 አምራቹ ቡናውን ራሱ ወደ ውጭ የሚልክበት በር ሰፋ። ከዚያ ወዲህ ሰበቡ ምን ነበር? ዓመታት አለፉ። የዘንድሮው ቡና ካምናው ጋር በአንድ ማዳበሪያ ተቋጥሮ፣ ስም ሳይኖረው፣ ቦታ ሳይኖረው ሄደ።

ስም ያለው ቡና የት እንደሚደርስ እያየን እኮ ነው! እ.ኤ.አ. በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ውድድር ኢትዮጵያ ገባ። ዳኞች ቀመሱ፣ ያሸነፈው ቡና ከነባለቤቱ ስም፣ ከነቦታው፣ በኢንተርኔት ጨረታ ቀረበ። ከሲዳማ የመጣው አንደኛ ቡና በፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ወጣ። በ2021 አንደኛው አሁንም ከሲዳማ ነበር፤ 330 ዶላር። በ2022 እንደገና ሲዳማ፤ ከ400 ዶላር በላይ። ሲዳማዎች ደግ አደረጉ። እኛስ? በእነዚያ ዓመታት ጀንፈላችንን መሬት ላይ አስጥተን ሰብሳቢው የጠራውን ዋጋ ተቀበልን። ማሰጫ አልጋ መሥራት ከአቅማችን በላይ ነበር? ናሙና ማዘጋጀት፣ ፎርም መሙላት፣ ውድድሩ መቼ እንደሚከፈት ድረ ገጽ ላይ ማየት ከአቅማችን በላይ ነበር?

የጌሻን ቡና ደግሞ ማን ይናገረው! ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ወጣ። ምሥራቅ አፍሪካን ዞሮ፣ በኮስታሪካ አልፎ፣ ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የፓናማ እርሻ ለይቶ አቀረበውና የጨረታ ክብረ ወሰን ሰበረ። እ.ኤ.አ. በ2025 በኢንተርኔት ጨረታ አንድ ኪሎ የፓናማ ጌሻ 30,204 ዶላር ተሸጠ። አንድ ኪሎ! ፓናማዎች ምን አደረጉ? እያንዳንዱን ማሳ ለይተው ያዙ። እያንዳንዱን ከረጢት ቁጥር ሰጡት። ቡናው በስንት ሜትር ከፍታ እንደበቀለ፣ በምን እንደደረቀ ጽፈው ገዢው ከዱባይም ከቶኪዮም ሆኖ እንዲያነበው አደረጉ። ስሙ የእኛ ነው። ጽሑፉ የእነሱ ነው። ገንዘቡም የእነሱ ነው።

በወረቀት እንኳ ያለንን መጠበቅ አቃተን። የማኅበራት አባላት ዝርዝር በየኮምፒውተር ቤቱ በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች ተተይቦ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፊደላችን በማንኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ እንዲነበብ፣ እንዲፈለግ፣ እንዲደረደር ሆኗል። እኛ ግን ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት በድሮው ስንተይብ ቆየን? ፋይሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍተው ስሙ የለም፤ የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይግተለተላል። ፍላሹ በቫይረስ ሄደ። ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደረገ። ዝርዝሩን እንደ አዲስ ከዳር እስከ ዳር ለቀማ! አንዴ በትክክል ቢተየብ፣ አንዴ ኢሜይል ላይ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ይፋ ሆነ። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ አፕ መሥራት፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፤ በኢንተርኔት፣ በነፃ። ብዙዎቻችን ተመዘገብን። ሰርተፊኬት ያገኘን ፌስቡክ ላይ ለጠፍን። እንኳን ደስ አላችሁ ተባባልን። ከዚያስ? የአንድሮይድ አፕ መሥራት የተማርን ልጆች የትኛውን የኅብረት ሥራ ማኅበር በር አንኳኳን? የትኛውን መዝገብ ያዥ «አባባ፣ ይህን መዝገብ ወደ ስልክ ላስገባልዎት» አልን? ዕውቀቱ መጣልን። ሜዳውም ከፊታችን ነበር። ማን ያዘን?

ማንም አልያዘንም። ቸልተኝነታችን ያዘን። «መንግሥት ያድርገው» አልን። «ዩኒየኑ ያድርገው» አልን። ስልክ የነበረው በእኛ እጅ፣ ቡናው የነበረው በእኛ ጓሮ! የሰፈራችንን ማሳ እኛው ዞረን መዝግበን ጨርሰን ቢሆን ኖሮ፣ ደንቡ በወጣ ማግስት የጨና ቡና ማስረጃው በእጁ ሆኖ ገዢ ፊት በቆመ ነበር። «ደን ያልነካ፣ ማሳው የታወቀ፣ ባለቤቱ የተጻፈ» ተብሎ ዋጋ በጠየቀ ነበር። እናቶቻችን ጣታቸው እስኪላጥ የለቀሙት ቡና ስማቸውን ይዞ በተሸጠ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ደንቡ መጀመሪያ ሥራ ሊጀምር የነበረው ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ነበር። ወደ 2018 ተገፋ። እንደገና ተገፋ። ሁለት ጊዜ ዕድሜ ተጨመረልን፤ ሁለቱንም ጊዜ እፎይ ብለን ተኛን። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ስልክ ያላችሁ፣ ዛሬ ወደ አባታችሁ ማሳ ግቡ። ነጥቧን ያዙ። የራሳችሁን ስትጨርሱ የጎረቤትን ያዙ፣ ስልክ የሌላቸውን ሽማግሌዎች ማሳ ያዙ። ትልልቆቹ ገዢዎች ማስረጃ የሚጠይቁበት አዲሱ ቀን ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው።