ስም አይቶ ማመልከት

በ2014 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆኜ ስሠራ፣ ውጭ አገር ሄጄ በምርምር የዶክተርነት ማዕርግ ለማግኘት ቈርጬ ተነሣሁ። የመረጥኋቸው ስድስት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉም በአሜሪካ የሚገኙና ስመ ጥሮች ነበሩ። ከደረጃ ዝርዝር ላይ ከአንደኛው ጀምሬ ወደ ታች መቍጠሬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ለእያንዳንዱ ማመልከቻ ከ70 ዶላር በላይ ስለ ተጠየቀ ዋሽንግተን ያለው ታላቅ ወንድሜ ከፈለልኝ። (ችግራቸውን ገልጠው ለሚለምኑ ክፍያውን የሚምሩ ዩኒቨርሲቲዎች እንዳሉ ያወቅሁት ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው!)

ስድስቱም አልተቀበሉኝም። አባቴ ከአምበር ለገበያ በመጡ ጊዜ ነገሩን ባጫውታቸው፣ «ለመሆኑ ከማን ጋር ልትሠራ ነበር?» አሉኝ። እርሳቸው ያሰቡት ወንፈልን ነው፤ እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ።

በአሜሪካ የኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክተርነት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ዋጋ አይከፍልም፤ እንዲያውም በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት አበል ያገኛል። ስለዚህ መምህሩ የሚመርጠው አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ አብሮት የሚሠራ ሰው ነው። እኔ የጻፍሁለት ግን ኮምፒዩተር ከልጅነቴ ጀምሮ እንደምወድ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከጥያቄው ተነሣሁ። «አልሰበሩንም» የሚለው አንድ ቃል አፍራሹን፣ አድራጊውንና ተደራጊውን በአንድነት ይዟል፤ ቃልን በክፍት ቦታ ብቻ ለይቶ የሚቈጥር መኪና ግን «ሰበሩን» ከሚለው ጋር መዛመዱን አያውቅም። ይህን ማን አጥንቶታል ብዬ ስፈልግ፣ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት የሚተነትነውን ሆርንሞርፎን የሠሩትን የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲውን ማይክል ጋሰርን አገኘሁ። ደስታዬ አንድ ቀን አልቈየም፤ ሰውየው ጡረታ ወጥተዋል።

ከዚያ ወዲህ መምህሩ በቅርብ ዓመታት ምን እንዳሳተመ፣ አዲስ ተማሪ ይቀበል እንደ ሆነ፣ ይልቁንም ቀድሞ የተቀበላቸው ከየት እንደ መጡ መመልከት ጀመርሁ። ይህ የመጨረሻው ኮሶ ነው። ብዙዎቻችን በ2019 እ.ኤ.አ. ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ያገኘችውን የአዲስ አበባዋን ረድኤት አበበን እንጠቅሳለን፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያገኘችው ከሃርቫርድ ነው። የእኔ ውጤት ጥሩ ቢሆንም አንድም የታተመ ጽሑፍ አልነበረኝም። በጀርመን አገር አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ ባይጠይቁም፣ ለዶክተርነት አስቀድሞ ማስተርስ ይፈልጋሉ።

ስለዚህ ማስተርሱን በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያዝሁ። አንዳንድ ጓደኞቼ ተስፋ የቈረጥሁ መስሏቸው አዘኑልኝ። አሁን የግስ ርባታን የሚመለከት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው፤ በደብተሬም የአራት መምህራን ስም አለ። በጥር ለአንደኛው ጻፍሁ፤ በሦስተኛው ቀን «በሚመጣው ዓመት አዲስ ተማሪ አልቀበልም» የሚል አጭር መልስ መጣልኝ። ወንድሜን ዶላር አላስቸገርሁትም።