«ምን ገባበት?»

በአትላንታ ዳርቻ በምትገኘው በክላርክስተን የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የጥቅምቱን ረጅም የዕረፍት ቀናት ለማሳለፍ ወደ ሰሜን ጆርጂያ ተራሮች ወጣ። ባልና ሚስት፣ የ11 ዓመት ሴት ልጃቸው፣ የ7 ዓመት ወንድ ልጃቸው፣ እንዲሁም ልጃቸውን ለመጠየቅ ከራያ ቆቦ የመጡት አያት። መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሜዳው ሲያልቅ የብሉ ሪጅ ተራሮች ይጀምራሉ። ቅጠሉ ቢጫና ቀይ የሚሆንበት ወቅት ስለነበር መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። ባልየው የእንጨት ቤት ሲከራይ ለልጆቹ ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ በየከተማው ቅርንጫፍ ካለው ምግብ ቤት ደጃፍ አይደርሱም፣ የሚበሉት የአገሩን ምግብ ብቻ ነው።

አርብ ማታ የገቡበት ምግብ ቤት በሩ ላይ «የአካባቢያችን ምግብ» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል። ዝርዝሩም ለቃሉ የተዘጋጀ ይመስላል፤ ጎመን፣ ባቄላ መሰል የደረቀ ቦሎቄ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ ከተራራ ምንጭ የወጣ ዓሣ። የጽጌ ጾም ከገባ አራት ቀኑ ነው። ይህን ጾም ሁሉም አይጾመውም፤ አያት ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ አስታጉለውት አያውቁም። ልጃቸው ዝርዝሩን ተርጉማ ስትጨርስ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር።

«ጎመኑ ምን ገባበት?»

«እማዬ፣ ጎመን ነው። ምን ይገባበታል ብለሽ ነው?»

«ጠይቂልኝ።»

ልጅቱ አመነታች። በአሜሪካ 16 ዓመት ስትኖር የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር በሰው ፊት ብዙ አለመጠየቅን ነው። በእንግሊዝኛዋ ቅላጼ የተነሳ «እንዴት?» ተብላ ደግማ መናገር ያስመረራት ሰው፣ ወጥ ቤት ድረስ የሚያስኬድ ጥያቄ አትጠይቅም። በመጨረሻ የጠየቀችው የ11 ዓመቷ ናት። አስተናጋጇ በትሕትና መለሰች፤ ጎመኑ የሚቀቀለው ከአሳማ ቅልጥም ጋር ነው፣ ቦሎቄውም እንዲሁ። የበቆሎው ዳቦ እንቁላልና የወተት አሬራ አለበት። አያት ቀጠሉ፤ «የማን ማሳ ጎመን ነው በያት።» አስተናጋጇ ወደ ውስጥ ገብታ ተመለሰች። ጎመኑ ተከትፎ በከረጢት በአከፋፋይ መኪና ይመጣል። ዓሣውም ከሌላ ክፍለ አገር በረዶ ሆኖ የመጣ ነው። አያት ያለ ቅቤ የተጠበሰ አንድ ስኳር ድንች በሉ፤ ባልየውም ሳይናገር ከፈለ።

አሳማው በድስቱ ውስጥ መኖሩ የሚያስነቅፍ አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ተራሮች ሥጋ ብርቅ በነበረበት ዘመን አንዲት የጨው ጮማ ቁራጭ የቤተሰብ ሙሉ ድስት ታጣፍጥ ነበር። ይህ የድህነት ጥበብ ነው። ጥያቄ የሚያስነሳው ሰሌዳው ነው።

የምጣኔ ሀብት ምሁራን ሸቀጦችን ገዢው ጥራታቸውን በሚያውቅበት ጊዜ ይለያሉ። የጨርቅ ቀለም ከመግዛት በፊት ይታያል። የሐብሐብ ጣዕም ከተቆረጠ በኋላ ይታወቃል። ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ በ1973 ሦስተኛ ዓይነት ጨመሩ፤ ገዢው ከተጠቀመበትም በኋላ እንኳ ሊያረጋግጠው የማይችል፣ በእምነት ብቻ የሚገዛ ሸቀጥ። «የአካባቢ ምግብ» የዚህ ዓይነት ነው። ምላስ ጎመኑ መጣፈጡን እንጂ የተዘራበትን ቀበሌ አይናገርም።

ሕግም ብዙ አይረዳም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2008 ባወጣው የእርሻ ሕግ፣ ለአንድ የብድር ፕሮግራም ሲባል፣ ከተመረተበት ከ400 ማይል በታች የተጓዘ ወይም በዚያው ክፍለ አገር የተሸጠ ምርት «የአካባቢ» ተብሎ ተተርጉሟል። 400 ማይል ወደ 640 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር ካለው የመኪና መንገድ ይረዝማል። በዚህ ሚዛን የፍኖተ ሰላም በርበሬ ለአዲስ አበባ ነዋሪ የጓሮ በርበሬ ነው።

በእምነት የሚሸጥ ነገር ከማታለል የሚድነው ሻጩ የገዢውን መመለስ ሲፈልግ ነው። የቆቦ ገበያ ይህን መፍትሔ ከጥንት ያውቀዋል። ቅቤ ገዢዋ በጥፍሯ ቆንጥራ ታሸታለች፣ ከዚያም በየዓመቱ ወደዚያችው ሻጭ ትመለሳለች። ግንኙነቱ ስም አለው፤ ደንበኛ። አንትሮፖሎጂስቱ ክሊፈርድ ጊርትዝ በ1978 በሞሮኮዋ ሰፍሩ ከተማ ገበያ ላይ በጻፈው ጽሑፍ ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል፤ መረጃ ውድና እርግጠኝነት የጎደለው በሆነበት ገበያ ሰዎች ከአንድ ሻጭ ጋር ተጣብቀው ይቆያሉ። ሽርሽር የወጣ ሰው ግን የማንም ደንበኛ አይደለም። ሁለት ሌሊት አድሮ ይሄዳል፣ ሻጩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ የአገሩን ምግብ ለመቅመስ እጅግ የሚጓጓውና የበለጠ የሚከፍለው ሰው ያንኑ ለማግኘት ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባልየው እንደገና ሞከረ። ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ካለ ሱቅ፣ የበቅሎ ሥዕል የተለጠፈበት የማሽላ ሽሮፕ ገዛ። መኪና ውስጥ ልጅቱ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ስታነብ በመጀመሪያው መስመር የሰፈረው የበቆሎ ሽሮፕ ነበር፤ ማሽላ ሁለተኛ ነው። አያት ማሰሮውን አገላብጠው አይተው «በቅሎዋ ናት ያስወደደችው» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ልጃቸው ብቻ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከአራት ሳምንት በኋላ እናቷ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ሲመጡ ልታሳያቸው ያሰበችው አሜሪካ ይህ አልነበረም።

ከብሌርስቪል ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ ዳር፣ እንፋሎት ከአንድ ዳስ ሥር ሲወጣ ታየ። አያት «አቁም!» አሉ። አማቻቸው መታመማቸው መስሎት ደንግጦ ቆመ። እርሳቸው ግን በሩን ከፍተው ወርደው፣ በተጋሰስ ወደተከመረ አገዳ እየሄዱ ነበር።

«ጥንቅሽ ነው! ልጆች፣ ኑ፣ ጥንቅሽ ነው!»

አገዳው ጥንቅሽ ነበር። በራያ ሜዳ ከማሽላው መካከል እየተመረጠ የሚዘራው፣ እረኛ ልጅ ልጦ የሚያኝከው ጣፋጭ አገዳ። ባለ ዳሱ ሽማግሌ በሞተር በሚዞር የብረት መጭመቂያ ያልፉታል። የሚወጣው አረንጓዴ ጭማቂ በሰፊ ገበታ ላይ እየፈላ አረፋው ይገፈፋል። አንድ ጋሎን ሽሮፕ ከ8 እስከ 10 ጋሎን ጭማቂ ይፈልጋል። ቀድሞ መጭመቂያውን የምታዞረው በቅሎ ነበረች፤ በማሰሮው ላይ የተሳለችው የእርሷ ትዝታ ናት።

አያት አንድ አገዳ አንስተው በዓይናቸው ፈቃድ ጠየቁ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። በጥርሳቸው ላጡት፣ አኘኩ፣ ዝም አሉ። ከዚያ ጥያቄው ወረደ፤ ልጅቱም ወዲያና ወዲህ አስተረጎመች። ዘሩን ከየት ታመጣለህ? ወፍ አያስቸግርህም? ቅጠሉን ለከብት ትሰጣለህ? ሽማግሌው በመጀመሪያ በአጭሩ፣ በኋላ እያንዳንዱን በዝርዝር መለሱ። ለብዙ ዓመት ማንም ያልጠየቃቸው ነገር እንደሆነ ፊታቸው ይናገር ነበር። የሚሸጡት በአብዛኛው በየመጸው ለሚመለሱ ጎረቤቶች ነው። ሁለት ማሰሮ ሸጠው አንድ እቅፍ አገዳ በነጻ ጨመሩ፤ ምርቃት መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የሰሌዳው ሚስጥር ይፈታል። የዳሱ ማሰሮ የሚታመነው ጎረቤቶች ስለሚያውቁት ነው። ንቁ ደንበኛ ባለበት፣ ምንም የማያውቀው መንገደኛም በእርሱ ጥላ ሥር ይጠበቃል። መንገደኛ ብቻ በሚበላበት ቤት ግን ማንም ለማንም አይጠብቅም።

«የአገሩ» የሚባለውም ቃል ቢሆን እንደ ርቀት ከተለካ ይፈርሳል። ማሽላ በሰው እጅ ከለመደባቸው ስፍራዎች እስካሁን ጥንታዊው ማስረጃ የተገኘው በምሥራቅ ሱዳን፣ ከኢትዮጵያ ወሰን ብዙም በማይርቅ ስፍራ ሲሆን፣ ዕድሜው ከ5 ሺህ ዓመት በላይ ነው። ጣፋጩ አገዳ ወደ አሜሪካ የገባው በ1850ዎቹ፣ ከቻይና በፈረንሳይ በኩልና ከደቡብ አፍሪካ ነበር። በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ስኳር ሲጠፋ ተስፋፋ፤ በተራሮቹ ላይም ቀረ። በቆሎውና ቦሎቄው የቸሮኪ ሕዝብ አዝርዕት ናቸው። ቸሮኪዎች በ1838 ከዚሁ ምድር በኃይል ተነቅለው ወደ ምዕራብ ተነዱ፤ እህላቸው ግን በአፈናቃዮቻቸው ድስት ውስጥ ቀረ። እንግዲህ በዚያ ተራራ ገበታ ላይ ያለው ሁሉ ከሌላ የመጣ ወይም ከባለቤቱ የተወሰደ ነው። የአገር ምግብ የሚያደርገው፣ ስለ እርሱ ሲጠየቅ መልስ ያለው ሰው በአጠገቡ መኖሩ ነው።

ያን ማታ በእንጨት ቤቱ ውስጥ፣ ከመንገድ ዳር ገበሬ የተገዛ ቦሎቄ በሽንኩርትና በዘይት ተቀቀለ፤ ድንችና ጎመንም ነበር። ሽሮፑ በዳቦ ተበላ። ልጆቹ ጥንቅሹን እየላጡ ምጣጩን ወለሉ ላይ ሲበትኑ ማንም አልተቆጣቸውም። ከአምስቱ መካከል የተራራውን ምግብ ፍለጋ ያልወጡት አያት ብቻ ነበሩ። ያገኙትም እርሳቸው ናቸው፤ ጾማቸው በየደረሱበት እንዲጠይቁ ስላስገደዳቸው።

እሑድ ወደ አትላንታ ሲመለሱ ለቁርስ አንድ ቤት ቆሙ። አስተናጋጁ ደብተሩን ይዞ ሲቀርብ፣ አያት አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት የሰባት ዓመቱ ልጅ ቀደመ። የጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው፤ «ምን ገባበት?» እናቱ ቀና ብላ አየችው። ዝም በል አላለችውም። ወንበሯን ጠጋ አድርጋ እርሷም መልሱን ትጠብቅ ጀመር።